የልደት ድንጋይ፡- ጌጥ ነው ወይስ ዕድል?

ባለ ፈርጥ ቀለበት ሊገዛ ወደ ጌጣ ጌጥ ሱቅ የገባ ሰው ከዋጋው በፊት «በስንተኛው ወር ነው የተወለዱት?» ተብሎ ቢጠየቅ ሊገረም አይገባም። ጥያቄው «የልደት ድንጋይ» ወይም «የወር ድንጋይ» ከሚባለው ልማድ የመጣ ነው። በዚህ ልማድ መሠረት ለእያንዳንዱ የፈረንጆች ወር አንድ ወይም ከአንድ በላይ የከበረ ድንጋይ ተመድቧል። በዚያ ወር የተወለደ ሰው ድንጋዩን ቢያጠልቅ ዕድል ይቀናዋል፣ ጤና ያገኛል፣ ከክፉም ይጠበቃል ይባላል። ለኦክቶበር የተመደበው ኦፓል ነው። ኦፓል ደግሞ ከእኛው ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ተራሮች የሚወጣ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን «የፈረንጅ ወግ ነው» ብለን ብቻ የምናልፈው አይደለም።

ለመሆኑ ይህን ድልድል ያወጣው ማን ነው? ከእምነታችን ጋር የሚጋጨውስ የቱ ላይ ነው? ድንጋዩን በማጥለቁ ላይ ነው ወይስ በልብ በተያዘው ሐሳብ ላይ? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለማየት እንሞክራለን።

ድልድሉን ማን አወጣው?

ስለ ልደት ድንጋይ የሚጽፉ ሰዎች ታሪኩን ብዙውን ጊዜ ከኦሪት ይጀምራሉ። በኦሪት ዘጸአት እንደተገለጸው በሃሩን (ዐ.ሰ.) የክህነት ልብስ ደረት ላይ በአራት ረድፍ የተደረደሩ 12 ድንጋዮች ነበሩ። በላያቸውም የአሥራ ሁለቱ የእስራኤል ነገዶች ስም ተቀርጾ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ድንጋዮቹ የተሰጡት ለነገዶች እንጂ ለወሮች አለመሆኑ ነው። አሥራ ሁለቱን ድንጋዮች ከ12ቱ ወሮችና ከ12ቱ የከዋክብት ምድቦች ጋር ያያያዘው በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የኖረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሱ የክርስትና ጸሐፊዎችም ሐሳቡን አስፋፉት። አንድ ሰው የተወለደበትን ወር ድንጋይ ብቻ ለይቶ ማጥለቁ ግን ከዚያ ብዙ ዘመን ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። በአውሮፓ የተስፋፋው ከ16ኛው እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

እስከዚያ ድረስ አንድ ወጥ ዝርዝር አልነበረም። አንዱ አገር ለአንድ ወር የሰጠውን ድንጋይ ሌላው አገር ለሌላ ወር ይሰጠው ነበር። ይህን ዝብርቅርቅ ያስተካከሉት ነቢያት አልነበሩም፤ ሊቃውንትም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ ጌጣ ጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ተሰብስቦ አንድ ዝርዝር አጸደቀ። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው ከዚያ የወረደ ነው፦ ለጃንዋሪ ጋርኔት፣ ለፌብሩዋሪ አሜቴስጢኖስ፣ ለማርች አኳማሪን፣ ለኤፕሪል አልማዝ፣ ለሜይ መረግድ፣ ለጁን ሉል፣ ለጁላይ ሩቢ፣ ለኦገስት ፔሪዶት፣ ለሴፕቴምበር ሰንፔር፣ ለኦክቶበር ኦፓል፣ ለኖቬምበር ቶጳዝ፣ ለዲሴምበር ፊሩዝ።

ዝርዝሩ በዚያው ጸንቶ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1952 ተሻሽሎ አዳዲስ ድንጋዮች ገቡበት። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የታንዛናይት ታሪክ ነው። ይህ ሰማያዊ ድንጋይ በታንዛንያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የአሜሪካው ቲፋኒ ኩባንያ በተገኘበት አገር ስም ሰይሞ በማግሥቱ ዓመት ለገበያ አቀረበው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የአሜሪካ ነጋዴዎች የዲሴምበር ልደት ድንጋይ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2016 ስፒኔል የተባለው ድንጋይ ለኦገስት ተጨመረ።

እንግዲህ እናስተውል። ታንዛናይት የዲሴምበርን ልጆች ይጠብቃል ከተባለ፣ ከ1967 በፊት የተወለዱትን ማን ሲጠብቃቸው ኖረ? የስብሰባ ቃለ ጉባዔ ሲፈረም ነው ድንጋዩ ኃይል የሚያገኘው? መልሱ ግልጽ ነው። ዝርዝሩ የገበያ ዝርዝር ነው። ነጋዴ ዕቃውን ለመሸጥ ዝርዝር ማውጣቱ ነውር የለውም። ነውሩ ገዢው የዋጋ ዝርዝሩን የዕጣ ፈንታ መዝገብ አድርጎ ሲይዘው ነው።

የማን ወር?

ሌላም ጥያቄ አለ። ድልድሉ የተሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እኛ ደግሞ በራሳችን ዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነን። የእኛ ጥቅምት ከኦክቶበር ጋር አብሮ አይገባም፤ አብሮም አይወጣም። በአብዛኛው ዓመት ከጥቅምት 1 እስከ 21 ያለው ጊዜ በኦክቶበር ይውላል፣ የቀረው ወደ ኖቬምበር ያልፋል። ስለዚህ ጥቅምት 20 የተወለደው ወንድም ኦፓል ሲደርሰው፣ በሌላ ዓመት ጥቅምት 23 የተወለደችው እኅቱ ቶጳዝ ይደርሳታል። እናታቸው ሁለቱንም «የጥቅምት ልጆቼ» ብላ ትጠራቸዋለች። ጳጉሜንስ? አሥራ ሦስተኛ ወር ያላት አገር ከአሥራ ሁለት ድንጋዮች ውስጥ የትኛውን ትውሰድ?

የሒጅራ አቆጣጠር ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይጠፋል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ያህል ስለሚያጥር፣ ረመዳን በ33 ዓመታት ገደማ ውስጥ በክረምትም በበጋም እየዞረ የፈረንጆቹን ወሮች በሙሉ ያዳርሳል። በረመዳን የተወለደ ልጅ በሒጅራ ልደቱን ቢቆጥር አሥራ ሁለቱም ድንጋዮች በየተራ ይደርሱታል። ድንጋይ የሰውን ልደት የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚያውቀው መጠየቅ ግድ ይሆን ነበር።

እባቡና መረግዱ

ሙስሊም ሊቃውንት የከበሩ ድንጋዮችን ጠንቅቀው ያጠኑ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል በ11ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ ስለ ከበሩ ድንጋዮችና ማዕድናት ትልቅ መጽሐፍ ትቷል። ድንጋዮችን በዓይን አይቶ ብቻ ሳይሆን ክብደታቸውን ከመጠናቸው ጋር እያነጻጸረ ለይቷል። በዘመኑ «እባብ መረግድ ካየ ዓይኑ ይፈሳል» የሚል ወሬ በመጻሕፍት ሳይቀር ተሰራጭቶ ነበር። አል-ቢሩኒ ወሬውን ሳይቀበልም ሳይጥልም ፈተነው። በእባብ ላይ የመረግድ ሐብል አድርጎ ለዘጠኝ ወራት ያህል በብርድም በሙቀትም ተከታተለው። የእባቡ ዓይን አልፈሰሰም።

ይህ ሰው መረግድን አልናቀም፤ ውበቱንም ዋጋውንም ጽፏል። ነገር ግን በድንጋዩ ውስጥ ያለውንና ሰው የጨመረበትን ለየ። እኛም ዛሬ የሚያስፈልገን ይኸው መለየት ነው።

በራሳችን ቤት

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛን አይነካንም» የሚል ወገን ካለ ትንሽ ዞር ብሎ ቤቱን ቢመለከት ይበጀዋል። በአገራችን የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ፣ ለ12 አካፍሎ፣ በቀሪው ቁጥር «ኮከብህ ይህ ነው» የሚለው የአውደ ነገሥት ቆጠራ ለብዙ ዘመን የኖረ ነው። ለዛር የሚታሰረው ጨሌ፣ ለሕፃን ከዓይን ይከልል ተብሎ የሚንጠለጠለው ዶቃ፣ በወገብ የሚታጠቀው ክታብ፣ በሸዋም በወሎም፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ሲታይ የኖረ ነው። የወር ድንጋይ አዲስ ልብስ ለብሶ የመጣ የዚያው ነገር ዘመድ ነው። ልዩነቱ ጨሌው በጨርቅ ተቋጥሮ ሲሰጥ የወር ድንጋዩ በመስታወት ሣጥን ከደረሰኝ ጋር መቅረቡ ነው። አያቷ ጨሌ በማሰሯ የምታፍር የከተማ ልጅ የልደት ድንጋይ ለዕድል ብላ ብታጠልቅ ከአያቷ በምን ተሻለች?

በዚህ ላይ የእስልምና አቋም የታወቀ ነው። ጥቅምም ጉዳትም በአላህ እጅ ነው። ኢማም አሕመድ ከዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ከክፉ ይጠብቀኛል ብሎ ነገር ማንጠልጠልን ከሽርክ ቆጥረውታል። የቁርኣን አንቀጽ ጽፎ በማንጠልጠል ላይ ዑለማ የተለያየ አስተያየት አላቸው። ዶቃና ድንጋይ በራሱ ይጠብቃል በማለት ላይ ግን ልዩነት የለም። ዑመር ኢብን አል-ኸጧብ (ረ.ዐ.) የካዕባን ጥቁር ድንጋይ ሲስሙ የተናገሩትም በቡኻሪ ተዘግቧል። ድንጋይ መሆኑን፣ እንደማይጠቅምም እንደማይጎዳም እንደሚያውቁ፣ የሳሙትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲስሙት ስላዩ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ተናግረዋል። ስለዚያ የተከበረ ድንጋይ እንዲህ ከተባለ ከሱቅ ስለተገዛው ምን ይባላል?

«ዐቂቅ ማጥለቅ በረካ ያመጣል፣ ድህነትን ያርቃል» እየተባለ የሚነገረውም በዚሁ መታየት አለበት። ኢብኑል ጀውዚ ስለ ዐቂቅ ትሩፋት የሚነገሩትን ዘገባዎች በፈጠራ ሐዲሶች መጽሐፋቸው ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ዐቂቅ ማጥለቅ የተፈቀደ ጌጥ ነው። በረካውን ከድንጋዩ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሐበሻው ፈርጥ

ይህ ማለት እስልምና ድንጋይ ያለበትን ጌጥ ይጠላል ማለት አይደለም። ቁርኣን ሉልንና ዛጎልን፣ ያቁትንና መርጃንን በውበት ምሳሌነትና በአላህ ጸጋነት ያነሳቸዋል። ከዚህም በላይ የእኛን የኢትዮጵያውያንን ልብ የሚነካ አንድ ዘገባ አለ። ኢማም ሙስሊም ከአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀለበት ከብር የተሠራ ሲሆን ፈርጡ ሐበሻዊ ነበር። ኢማም አን-ነወዊ ይህን ሲያብራሩ፣ ዑለማ ከሐበሻ ምድር የወጣ ድንጋይ ማለት ነው እንዳሉና ዐቂቅን የመሰሉ ድንጋዮች ማዕድን በሐበሻና በየመን እንዳለ ጠቅሰዋል። ቀለሙ ጥቁር ስለነበረ ነው ያሉም አሉ። በቡኻሪ ዘገባ ደግሞ ፈርጡ ራሱ ብር ነበር። ስለዚህ ቀለበቶቹ ከአንድ በላይ ሳይሆኑ አይቀሩም ያሉ ሊቃውንት አሉ።

የቀለበቱ አገልግሎትም ትምህርት አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለነገሥታት ደብዳቤ ለመላክ ሲያስቡ፣ ነገሥታቱ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። በዚህ ምክንያት የብር ቀለበት አሠርተው ስማቸውንና መልዕክተኛነታቸውን አስቀረጹበት። ያ ቀለበት የሥራ መሣሪያ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ በአቡበክር፣ በዑመርና በዑሥማን (ረ.ዐ.) እጅ ቆየ። በዑሥማን ዘመን ከአሪስ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ወድቆ ሦስት ቀን ተፈልጎ አልተገኘም። ከማንም ቀለበት በላይ የተከበረው ቀለበት እንኳ ውኃ ውስጥ ወድቆ ቀርቷል።

አቡ ዳውድ ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሌላ ታሪክም አለ። ነጃሺ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከላኩት ስጦታ መካከል የሐበሻ ፈርጥ ያለበት የወርቅ ቀለበት ነበር። ነቢዩ ቀለበቱን በእንጨት ወይም በጣቶቻቸው ጫፍ ፊታቸውን መለስ አድርገው አነሱት። ወርቅ ለወንድ የተፈቀደ አይደለምና። ከዚያም የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ጠርተው እንድትዋብበት ሰጧት። ልጅቷ ቀለበቱን እንድታጌጥበት ተሰጣት። ከዓይን ይጠብቅሽ አልተባለችም፤ በየትኛው ወር እንደተወለደችም አልተጠየቀችም። የሐበሻ ድንጋይ በነቢዩ ቤት የነበረው ቦታ ይህ ነው፦ ማኅተምና ጌጥ።

የሰሜን ሸዋ ድንጋይ

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ምድር እንመለስ። ይህ ጽሑፍ በተዘጋጀባት በለሚ ድንጋይ ማለት እንጀራ ነው። ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የእንሳሮ ወረዳ ከተማ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆባታል። የኖራ ድንጋይ በየትኛውም ወር ስም አልተመዘገበም፤ ቀለበት ላይም አይቀመጥም። ቤት ግን ይሠራል።

ከዚሁ ዞን በስተምሥራቅ በኩል፣ በመንዝ መዘዞ አካባቢ ደግሞ ኦፓል አለ። በዓለም ገበያ የኢትዮጵያ ኦፓል መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመዘዞው ድንጋይ ነው። ከላይ ሲታይ ቡናማ ክብ ጓል ይመስላል፤ ሲከፈት ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ያበራል። ይሁን እንጂ ብዙው ድንጋይ ከወጣ በኋላ እየደረቀ ይሰነጠቅ ስለነበር ገዢዎች በኢትዮጵያ ኦፓል ላይ እምነት አጡ። ስሙ የታደሰው በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ሌላ ክምችት ሲገኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ከአውስትራሊያ ጋር ስሟ አብሮ የሚነሳ የኦፓል አገር ሆናለች።

ኦፓል በመሠረቱ የአሸዋና የመስታወት ዘመድ ነው። በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ያለፈ ውኃ ሲሊካን አሟሙቶ በስንጥቁ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። የቀስተ ደመና ቀለማቱ ምስጢር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ተፈታ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ድንጋዩ በጣም ጥቃቅን በሆኑ እኩል የሲሊካ ሉሎች የተደረደረ ነው። ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ በየቀለሙ ይከፋፈላል። ይህን ሥርዓት በጨለማ ዐለት ውስጥ የደረደረው ጌታ ሊወደስ ይገባዋል፤ የተደረደረው ድንጋይ ግን ዕድል አያድልም።

የኦፓል ዕድልና ገደ ቢስነት በሰው ወሬ ሲገለባበጥ መኖሩም ይታወቃል። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው «አን ኦቭ ጋይርስታይን» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ፣ ኦፓል ያጌጠች ሴት ድንጋይዋ ላይ የተጸለየበት ውኃ ሲወድቅ ብርሃኑ ይጠፋል፣ እርሷም ላይ መከራ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ኦፓል ገደ ቢስ ነው ተብሎ ተፈራ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። ነጋዴዎቹ በ1912 የኦክቶበር ዕድል ብለው የመዘገቡት ይህንኑ ድንጋይ ነው። የወገል ጤናው ኦፓል ውኃ ሲነካው በእውነት ቀለሙ ይጠፋል። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ስለሆነ መስታወት ይመስላል፤ ሲደርቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ደራሲው ምትሐት ያደረገው ነገር በተፈጥሮ የሚሆን ነው።

ዕድሉ የማን ነው?

ታዲያ ከድንጋዩ ጋር የተያያዘ እውነተኛ ዕድል የለም ወይ? አለ። እሱ ግን ካጠለቀው ሰው ጣት ላይ ሳይሆን ከቆፈረው ሰው ቤት ነው የሚፈለገው። የደላንታ ወጣቶች በገደል አፋፍ ላይ ዋሻ እየፈለፈሉ፣ በአካፋና በዶማ፣ በባትሪ ብርሃን ነው ኦፓሉን የሚያወጡት። በ2016 ዓ.ም. በዚያው በደላንታ ዋሻ ተደርምሶ በርካታ ቆፋሪዎች ከውስጥ ተቀብረው መቅረታቸው ተዘግቧል። ለአንድ ሰው የዕድል ምልክት የተባለው ፈርጥ ለሌላው ቤት ኀዘን ሊሆን ይችላል።

የገበያው መንገድም እንዲሁ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ያልተሞረደ ኦፓል በኪሎ ይሸጣል። ከእኛ አገር የወጣው ብዙው ጥሬ ድንጋይ የሚሞረደው በሕንድ ጃይፑር ነው። ከዚያ በካራት ይሸጣል። ካራት ከዐረብኛው ቂራጥ ጋር የተያያዘ ቃል ሲሆን 0.2 ግራም ነው። አንድ ኪሎ ማለት 5,000 ካራት መሆኑ ነው። ሲሞረድ ብዙው ክፍል እንደሚቀነስ የታወቀ ቢሆንም፣ በኪሎና በካራት መካከል ያለው ሰፊ ርቀት የሞያተኛውና የነጋዴው ድርሻ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ እኛ በጥሬው የሸጥነውን ሌላው አስውቦ የልደት ስጦታ ያደርገዋል። ልጆቻችን የትኛው ድንጋይ የየትኛው ወር እንደሆነ ከሚያጠኑ ይልቅ መሞረዱን ቢማሩ ድንጋዩ በእርግጥም ዕድል ይሆንላቸዋል።

ለገዢና ለነጋዴ

በመጨረሻም ኦፓል ለሚያጠልቁ ወንድሞችና እኅቶች ጥቂት ተግባራዊ ነገር እንጨምር። የወሎ ኦፓል ፈሳሽ ስለሚመጥ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ለሚያደርግ ሰው ቀለሙ መደብዘዙና መመለሱ አያስደንግጠው። ይልቁንም ከሽቶ፣ ከቅባትና ከሒና መጠበቅ ይገባል፤ እነዚህ ገብተው ሊያበላሹት ይችላሉ። ቀለበቱ የጠበበ ከሆነ በውዱእ ጊዜ ውኃ ከሥሩ እንዲደርስ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ለወንድ ብር እንጂ ወርቅ እንዳልተፈቀደም አይዘንጋ። ይኸው የመምጠጥ ጠባይ ለማጭበርበርም ይመቻል። ተራ ኦፓል በጭስ ወይም በቀለም ተነክሮ ውድ የሆነውን ጥቁር ኦፓል እንዲመስል ይደረጋል። ሻጭ ይህን ሳይናገር ቢሸጥ ማታለል ነው። ለንግድ የተያዘ የከበረ ድንጋይም ኒሷብ ሲደርስና ዓመት ሲሞላው እንደማንኛውም የንግድ ዕቃ 2.5 በመቶ ዘካ አለበት። በረካ የሚፈልግ ነጋዴ ከድንጋዩ ሳይሆን ከዚህ ይፈልግ።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ድንጋይ ማጥለቅ ጌጥ ነው፣ ጌጥም ተፈቅዷል። «ይጠብቀኛል፣ ዕድሌ ነው» ብሎ ማጥለቅ ግን ነጋዴዎች ተሰብስበው ባጸደቁት ወረቀት ላይ ተወኩል ማድረግ ነው። ለኦክቶበር የተወለደች እኅቱ ኦፓል ሊገዛላት የሚፈልግ ሰው ይግዛላት፤ ያምራል፣ የአገሯም ድንጋይ ነው። ሲሰጣት ግን «ዕድልሽ ነው» ከሚላት ይልቅ ከየትኛው ተራራ እንደወጣና እንዴት ባለ ድካም እንደተቆፈረ ቢነግራት፣ ለቆፋሪዎቹም ደኅንነት ዱዓ አብረው ቢያደርጉ ስጦታው ይበልጥ ያምራል። ወላሁ አዕለም።